በግድብ ኋላ ስለሚጠራቀም ደለል፤ የግድብም ዕድሜ እንዳያጥር ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

ወንዝን ገድቦ ውሃ ማጠራቀም ለእርሻ፥ ለመብራትና ለከተማ ሕዝብ መጠጥ የሚሰጠውን ጥቅም የማያውቅ ሹም ዛሬ የለም። ግድብ በሚመረቅበት ቀን ሕዝቡ በእልልታ ይሰበሰባል፤ ግንቡም ለዘለዓለም የቆመ ይመስላል። ነገር ግን ግድብን ከጥቅም የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ የግንቡ መሰንጠቅ ወይም የጎርፉ ብርታት አይደለም፤ በየክረምቱ ከተራራው እየታጠበ የሚወርደው አፈር ነው። ግንቡ እንደ ቆመ ይኖራል፤ ከበስተኋላው ግን ውሃው የነበረበት ስፍራ በጭቃ ተሞልቶ ሜዳ ይሆናል። እንዲህ የሆነውን ግድብ ትቶ በአጠገቡ ሌላ ለመሥራትም ቀላል አይደለም፤ ለግድብ የሚስማማ ጠባብ የወንዝ ጉሮሮና ከበስተኋላው ሰፊ ሜዳ አብረው የሚገኙበት ስፍራ ጥቂት ነውና።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የደለል ጉዳይ የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ እንዳይደለ ለአገር ገዥዎች፥ ለባለመሬቶችና ለወረዳ ሹማምንት ለማስረዳት ነው። መሐንዲሱ ግንቡን ሠርቶ ይሄዳል፤ የግድቡ ዕድሜ ግን የሚወሰነው ግንቡ በማይታይበት ሩቅ አገር፥ ከበላይ ባለው ተዳፋት እርሻና ግጦሽ ላይ ነው። ያ አገር ደግሞ በእናንተ ጥበቃ ሥር ያለ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

1ኛ፤ አፈሩ ከወዴት እንደሚመጣ

ደለል ማለት የሚፈስ ውሃ ተሸክሞ አምጥቶ የሚያስቀምጠው አሸዋና ደቃቅ አፈር ነው። ይህ አፈር በግድቡ ውስጥ ከመተኛቱ በፊት የአንድ ገበሬ እርሻ፥ የአንድ መንደር ግጦሽ ወይም የአንድ መንገድ ዳር ነበረ።

በደጋና በወይና ደጋ አገራችን ያለውን የእርሻ ሥርዓት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጤፍ የሚዘራበት መሬት እስኪልም ድረስ ደጋግሞ ይታረሳል። ከዚህ በኋላ ሰኔ አልፎ ሐምሌ ሲገባና ኃይለኛው ዝናም ሲወርድ እርሻው ገና ራቁቱን ነው፤ ቡቃያ አልሸፈነውም። እያንዳንዱ የዝናም ጠብታ የላመውን አፈር እየመታ ይበትነዋል፤ ወደ መሬት ሊሰርግ ያልቻለውም ውሃ አፈሩን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ገበሬው ትርፍ ውሃ እህሉን እንዳይጎዳበት ብሎ በእርሻው ላይ ፈሰስ ያወጣል፤ ፈሰሱ ቁልቁል በቀጥታ የወጣ እንደሆነ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየጠለቀ ሄዶ ቦረቦር ይሆናል። ከብት በየቀኑ ወደ ውሃ የሚወርድበት መንገድም፥ የውሃ መውረጃ በደንብ ሳይበጅለት የተቆረጠ የመኪና መንገድም እንዲሁ ቦረቦር ይወልዳል። ቦረቦር አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ራሱን ወደ ላይ እየናደ፥ ጎንና ጎኑን እየበላ ይሄዳል፤ የተናደውንም አፈር እያንዳንዱ ጎርፍ ጠራርጎ ወደ ወንዙ ያደርሰዋል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ቁም ነገር እንማራለን። የክረምቱ ውሃ በወራቱ ሁሉ እኩል የደፈረሰ አይደለም። በሐምሌ የሚመጣው ጎርፍ እጅግ የደፈረሰ ነው፤ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ግን ወንዙ ገና ሙሉ ሳለ ቡቃያውና ሣሩ መሬቱን ስለ ሸፈነው ውሃው እየጠራ ይሄዳል። በዓባይ ወንዝ ላይ በሱዳን ድንበር በተደረገው ልክ የጭቃው ብዛት ከውሃው ብዛት ቀድሞ ከከፍተኛው ደረጃ እንደሚደርስ ታውቋል። ይህ ልዩነት ለግድብ ጠባቂ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ በታች በ5ኛው ክፍል ይነገራል።

2ኛ፤ ደለሉ በሐይቁ ውስጥ እንዴት እንደሚተኛ

የሚሮጥ ውሃ አፈርን የሚሸከመው በሩጫው ኃይል ነው። ወንዙ ከግድቡ ሐይቅ ሲገባ ግን ሩጫው ይበርዳል፤ ኃይሉም ሲደክም ሸክሙን ያወርዳል። በመጀመሪያ የሚወርደው ከባዱ ነው፤ ጠጠርና አሸዋው ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ስፍራ ይቆለላል። ይህ ቁልል ከዓመት ወደ ዓመት ሁለት ወገን ያድጋል። በአንድ ወገን ወደ ግንቡ እየገሠገሠ የሐይቁን ስፍራ ይቀንሳል፤ በሁለተኛው ወገን ወደ ላይ እየተመለሰ የወንዙን ወለል ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ከሐይቁ ዳርቻ በላይ መሬት ያለው ሰው፥ ግድቡ በተሠራበት ጊዜ ውሃ አይደርስበትም የተባለው እርሻው ከዓመታት በኋላ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ያያል። ይህን ዓይነት አቤቱታ የሚቀበል ሹም ሰውየው ውሸተኛ ነው ብሎ እንዳይፈርድ፤ ደለሉ የወንዙን ወለል አንሥቶት እንደሆነ አስቀድሞ ይመርምር።

ደቃቁ ጭቃ ግን ከዚያ አልፎ ሩቅ ይሄዳል። የደፈረሰ ውሃ ከጠራው ውሃ ይከብዳልና ከጠራው ሥር ገብቶ በሐይቁ ወለል ላይ እየተሳበ እስከ ግንቡ እግር ድረስ ሊደርስ ይችላል። በዚያም ቀስ በቀስ ተኝቶ የውሃ መውጫውን በር ይደፍናል።

መሐንዲሶች ግድብ ሲሠሩ ከመውጫው በር በታች ያለውን ስፍራ ለደለል ብለው ይተዉለታል። ከዚያ ያለው ውሃ በበሩ ሊወጣ ስለማይችል ሙት ውሃ ይባላል። ብዙ ሰዎች ደለሉ ይህን ስፍራ እስኪሞላ ድረስ ለሥራ የተጠራቀመውን ውሃ የማይነካው ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። ከላይ እንደ ተነገረው አሸዋው የሚቆለለው በሐይቁ መግቢያ ነው፤ ያ ስፍራ ደግሞ ለእርሻና ለመብራት የሚያገለግለው ውሃ የሚቀመጥበት ነው። እንግዲህ ሙት ውሃው ገና ሳይሞላ የሕያው ውሃው ስፍራ መጉደል ይጀምራል።

3ኛ፤ የግድብን ዕድሜ በቁጥር ስለ ማወቅ

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ በአሳብ እንሥራ። አንድ ትንሽ የመስኖ ግድብ 1,000,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል እንበል፤ ከዚህም ውስጥ 150,000 ሜትር ኩቡ ለደለል የተተወ ሙት ውሃ ነው። ውሃው የሚወርድበት የበላይ አገር 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከእያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር በዓመት 1,000 ቶን አፈር ይታጠባል ብንል፥ በዓመት 20,000 ቶን፥ ማለት 200,000 ኩንታል አፈር ወደ ግድቡ ይገባል። በውሃ ውስጥ የተኛ ደለል አንዱ ሜትር ኩብ 1.25 ቶን ያህል አፈር ይይዛል ብንል፥ ይህ አፈር በየዓመቱ 16,000 ሜትር ኩብ ስፍራ ይወስዳል። እንግዲህ ለደለል የተተወውን ያህል ስፍራ ለመውሰድ ከ9 ዓመት ጥቂት ይበልጣል፤ ግድቡም ሁሉ በ62 ዓመት ያህል ይሞላል።

አሁን ደግሞ በበላዩ አገር ደኑ ተመንጥሮ፥ ገደላገደሉ ታርሶ፥ የሚታጠበው አፈር እጥፍ ሆነ እንበል። ያን ጊዜ የ62 ዓመቱ ዕድሜ ወደ 31 ይወርዳል፤ የሙት ውሃው ልክ ደግሞ 5 ዓመት እንኳ አይቆይም። በዚህ አንጻር አፈሩ በእርከንና በሣር ተይዞ መታጠቡ በግማሽ ቢቀንስ ዕድሜው ከ120 ዓመት ያልፋል። ግንቡ በሦስቱም አኳኋን አንድ ነው፤ የተለየው የበላዩ አገር አያያዝ ብቻ ነው።

ከዚሁ ቁጥር ሌላም ነገር ይታያል። ግድቡ ትንሽ፥ ውሃው የሚወርድበት አገር ግን ሰፊ ሲሆን አደጋው ይበረታል። ስለዚህ ከትልልቆቹ ግድቦች ይልቅ በየወረዳው የሚሠሩት ትንንሾቹ ፈጥነው ይሞላሉ።

4ኛ፤ በአገራችንና በሌሎች አገሮች የታየ

በአገራችን ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ታይቷል። በ1960 ተሠርቶ ያለቀው የቆቃ ግድብ የአዋሽን ውሃ ይዞ ለመብራትና ከበታቹ ላሉት ሰፋፊ እርሻዎች ያገለግላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ከነበረው የውሃ ስፍራ ከሩብ የማያንሰውን ደለል ወስዶበታል። በወሎ የተሠራው የቦርከና ግድብ የታሰበለትን ሥራ በሙሉ ሳይጀምር በደለል ተሞልቶ ቀርቷል። በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በ2016 ታድሷል፤ ለመድከሙ ከነበሩት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ደለል ነው። በትግራይም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለመስኖ ብዙ ትንንሽ ግድቦች ተሠርተው ነበር፤ ሊቃውንት ከእነዚህ አንዳንዶቹን በመረመሩ ጊዜ ለደለል የተተወው ስፍራ ከታሰበለት ዘመን እኩሌታ እንኳ ሳይደርስ የሞላባቸው ብዙ ሆነው አገኟቸው።

ጎረቤታችን ሱዳን ደግሞ ከእኛ ተራራ በሚወርደው አፈር ብዙ ተቸግራለች። በ1964 በአትባራ ወንዝ ላይ የተሠራው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ 1,300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዝ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ እኩሌታው የሚያህለው በደለል ተወስዷል። በዓባይ ላይ በ1966 የተሠራው የሮዛሪስ ግድብም ከይዘቱ ሲሶ ያህሉን ስላጣ፥ በ2013 ግንቡን 10 ሜትር ከፍ ለማድረግ ተገደዱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን በቻይና አገር በሁዋንግ ሆ፥ ማለት በቢጫው ወንዝ ላይ ከተሠራው ከሳንመንሽያ ግድብ ይገኛል። ግድቡ ገና ሲታቀድ፥ በ1957፥ ሁዋንግ ዋንሊ የሚባል የውሃ ሥራ ሊቅ ደለሉ ግድቡን እንደሚሞላው ተናግሮ ነበር፤ ቢሠራም እንኳ በግንቡ ሥር ያሉት የውሃ ቀዳዳዎች እንዳይደፈኑ ለመነ። ምክሩ አልተሰማም፤ ቀዳዳዎቹም በሲሚንቶ ተደፈኑ። በ1960 ውሃ መያዝ ከጀመረ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከአንድ ቢሊዮን ቶን የበለጠ ደለል ተኛበት፤ ወደ ላይም እየተመለሰ የዌይን ወንዝ ወለል አንሥቶ የሺያንን ከተማና በዙሪያዋ ያለውን የእርሻ አገር በጎርፍ የሚያሰጋ ሆነ። ከዚህ በኋላ ከ1965 አንሥቶ እስከ 1973 ድረስ በብዙ ወጪ አዳዲስ መውጫ ቆፈሩ፤ ደፍነዋቸው የነበሩትንም ቀዳዳዎች መልሰው ከፈቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ግን የደፈረሰውን መልቀቅ፥ የጠራውን ማስቀመጥ በሚል ደንብ እየሠሩ ግድቡን ከመሞት አድነውታል።

5ኛ፤ በግንቡ ዘንድ የሚደረግ

የቻይናዎቹ ደንብ በዓባይ ወንዝ ላይ ከእነርሱ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። በግብፅ በ1902 ተሠርቶ ያለቀው የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ 180 በሮች ነበሩት። የክረምቱ ውሃ በደፈረሰ ጊዜ በሮቹ ተከፍተው ጎርፉ ከነጭቃው እንዲያልፍ ይደረግ ነበር፤ ግድቡ የሚሞላው የጎርፉ ኃይል ካለፈ በኋላ በሚመጣው ጠራ ያለ ውሃ ነበር። በሱዳን በ1925 የተሠራው የሰናር ግድብና ከእርሱ በኋላ የተሠራው ሮዛሪስም በዚሁ ሥርዓት ሠርተዋል።

የዚህ ሥራ ጠላት ሥጋት ነው። የግድቡ ጠባቂ በመስከረም ዝናሙ ቀድሞ ቢቆምና ግድቡ ሳይሞላ ቢቀር ይጠየቃል፤ ስለዚህ ከሐምሌ ጀምሮ በሩን ዘግቶ የመጣውን ሁሉ ለመያዝ ይፈልጋል። ከበታች ያለው ገበሬም ውሃ ሲለቀቅ አይቶ ሀብታችን ባከነ ብሎ ይጮኻል። ገዥው በዚህ ጊዜ ማወቅ የሚገባው፥ በሐምሌ የሚያዘው ውሃ የብዙ ዓመት ውሃ የሚቀመጥበትን ስፍራ በጭቃ እየከፈለ የሚገዛ መሆኑን ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት የሚስማማው የወንዙ ዓመታዊ ውሃ ከግድቡ ይዘት እጅግ ለሚበልጥበትና ሰፊ የታች በር ላለው ግድብ ነው፤ ውሃውን ከዓመት ወደ ዓመት ለሚያሻግር ትልቅ ግድብ ወይም ዝናሙ ጥቂት ለሆነበት አገር አይሆንም። ስለዚህ በሩ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን በግምት ሳይሆን ወንዙን ለብዙ ዓመታት ለክቶ በታወቀ ቁጥር ይወሰን።

ሁለተኛው መንገድ ማጠብ ነው። ይኸውም የግድቡን ውሃ ፈጽሞ አውርዶ ወንዙ በተኛው ደለል ላይ እንዲሮጥና ቆርጦ እንዲወስደው ማድረግ ነው። ይህ ሥራ ጥንታዊ ነው። በስፔን አገር በአሊካንቴ አጠገብ በ1594 ተሠርቶ ያለቀው የቲቢ ግድብ ከሥሩ በእንጨት የተዘጋ መስኮት ነበረው፤ በየጥቂት ዓመቱ እንጨቱ ይነሣና የጠነከረው ጭቃ በረጅም ብረት ተወግቶ ሲበሳ ውሃው ደለሉን ይዞ ይወጣ ነበር። በኻሽም ኤል ጊርባም ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጎርፉ ወራት ግድቡ እየተከፈተ ይታጠባል። ነገር ግን ማጠብ ዋጋ አለው። በአንድ ጊዜ የሚለቀቀው ወፍራም ጭቃ ከበታች ያለውን ዓሣ ይገድላል፥ የመስኖ ቦይ ይደፍናል፥ ወንዝ የሚሻገረውንም ሰውና ከብት ይወስዳል። ስለዚህ ከበታች ያሉት የወረዳ ሹማምንት ቀኑን አስቀድመው ሳያውቁና በገበያና በቤተ ክርስቲያን፥ በመስጊድም ለሕዝቡ ሳይነገር በር ሊከፈት አይገባም።

ሦስተኛው በመኪና ወይም በሰው ጉልበት ቆፍሮ ማውጣት ነው። ለትልቅ ግድብ ይህ ወጪው ከባድ ነው፤ የወጣውንም ጭቃ የሚጥሉበት ስፍራ ያስቸግራል። ለትንሽ ኩሬ ግን ይጠቅማል። በህንድ አገር በብዙ መንደሮች ኩሬው በበጋ ሲደርቅ ገበሬዎች ደለሉን ቆፍረው ወደ እርሻቸው ይወስዱታል፤ ከእርሻቸው የታጠበው ለም አፈር ነውና ለመሬቱ እንደ ፍግ ያገለግላል። በእኛም አገር የመንደር ኩሬ ያላቸው ሰዎች ይህን ልማድ ቢይዙ ሁለት ጥቅም ያገኛሉ።

6ኛ፤ በተራራው ላይ የሚደረግ

ከላይ የተነገረው ሁሉ ከመጣ አፈር ጋር መታገል ነው። ከሁሉ የሚሻለው አፈሩ በስፍራው እንዲቀር ማድረግ ነው፤ በግድቡ የቀረው አፈር ለግድቡ ሸክም፥ በእርሻው የቀረው ግን ለገበሬው እንጀራ ነውና።

የአሠራሩን ጥበብ ከሩቅ አገር ልንለምነው አያስፈልግም። የኮንሶ ሕዝብ በድንጋይ እየካበ ተራራውን እርከን አድርጎ ከ400 ዓመት በላይ አርሶበታል፤ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅትም በ2011 ይህን አገር በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፎታል። በትግራይ የተደረገ ምርመራም የድንጋይ እርከን ከተሠራበት እርሻ የሚታጠበው አፈር ወደ ሁለት ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አስረድቷል።

የሥራው ተራ ከላይ ወደ ታች ነው። በመጀመሪያ የተራራው ራስ ከከብትና ከምሳር ተከልክሎ ሣርና ቁጥቋጦ እንዲያበቅል ይደረግ፤ ከዚያ ቀጥሎ ከእርሻው በላይ ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ ይቆፈር፤ በእርሻውም ላይ እርከን ይሠራ፤ ፈሰሱ ቁልቁል በቀጥታ መውረዱ ቀርቶ አግድም እየዞረ በሣር በተሸፈነ መውረጃ ይውረድ። ቦረቦር በድንጋይ ክትር የሚዘጋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የላይኛውን ሳይዙ ከታች ክትር መሥራት ድካሙን ለአንድ ክረምት ጎርፍ መስጠት ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንመጣለን። ይህን ሁሉ የሚደክመው ገበሬ በተራራው ላይ የሚኖረው ነው፤ የግድቡን ውሃ የሚጠጣውና በመስኖ የሚያርሰው ግን በሜዳው ያለው ሰው ወይም ሩቅ ያለው ከተማ ነው። እርከኑ ከጠባብ እርሻው ላይ ስፍራ ይወስድበታል፤ የተከለከለው ተራራም የከብቱ ግጦሽ ነበረ። ይህን ሰው ለሌላው ጥቅም ተጎዳ ብሎ ማዘዝ ፍርድ አይደለም፤ ፍሬም አያፈራም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በወሎ፥ በትግራይና በሌሎችም አውራጃዎች ሕዝቡ በእህል እየተከፈለ ብዙ እርከን ተሠርቶ፥ ብዙ ተራራም ተከልሎ ነበር። ነገር ግን ሥራው ከላይ የታዘዘ እንጂ ገበሬው የመከረበት ስላልነበረ፥ በ1991 መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በብዙ ስፍራ እርከኑ ፈረሰ፥ ዛፉም ተቆረጠ። በትእዛዝ ብቻ የቆመ እርከን አዛዡ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።

በዚህ አንጻር በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ሰዎች ተራራቸውን በራሳቸው ምክርና ደንብ ከልለው፥ ክትርና ኩሬ ሠርተው፥ ደርቆ የነበረው የጉድጓድ ውሃቸው ተመለሰ፤ ስለዚህም በ2012 ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኤኳተር ሽልማት ተሰጣቸው። የሁለቱ ልዩነት በድንጋዩ አካካብ ሳይሆን ጥቅሙ ለሠራው ሰው በመድረሱ ነው።

እንግዲህ ተራራ ሲከለል በዚያው ቀን ለከብቱ ምን እንደሚተካ ይወሰን። ከተከለለው ስፍራ ሣሩን አጭዶ መውሰድና ቀፎ መስቀል ለዚያው መንደር ሰዎች ይፈቀድ። በእርከኑ ዳር የሚተከለው ሣርና ዛፍ ለከብት መኖ ወይም ለገበያ የሚሆን ይሁን። በሜዳው በመስኖ ከሚገኘው ጥቅምም ለበላዩ አገር ድርሻ ይታሰብ፤ ውሃውን የሚጠቀሙት ሰዎች ከሚከፍሉት ላይ ጥቂት ለእርከኑ ጥገና ቢመደብ ለራሳቸው ግድብ ዕድሜ መግዛታቸው ነው።

7ኛ፤ ከሹማምንትና ከባለመሬቶች የሚጠበቅ

አንደኛ፤ ግድብ ለመሥራት አሳብ ሲቀርብ ገዥው ስለ ግንቡ ቁመትና ስለ ወጪው ብቻ አይጠይቅ። በዓመት ስንት ቶን ደለል ይገባል? ለደለል የተተወው ስፍራ በስንት ዓመት ይሞላል? በግንቡ ሥር ደለል የሚወጣበት በር አለውን? ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።

ሁለተኛ፤ የበላዩ አገር ሥራ ከግንቡ ሥራ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ክረምት ይቅደም። ሣርና ዛፍ በአንድ ዓመት አይበቅልም፤ ግድቡ ግን ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ አፈር ይቀበላልና።

ሦስተኛ፤ ደለሉ ይለካ። በግድቡ ግራና ቀኝ ዳርቻ የድንጋይ ምልክት ይተከል፤ በየዓመቱ ግድቡ በሞላ ጊዜ በታንኳ ሆኖ ከምልክት እስከ ምልክት በተዘረጋ ገመድ መስመር እየሄዱ፥ ጫፉ ላይ እርሳስ በታሰረበትና በሜትር በተመለከተ ገመድ ጥልቀቱ ይለካ። የዘንድሮው ጥልቀት ከአምናው ቢያንስ ልዩነቱ ደለል ነው። ወንዙ በሚገባበት ስፍራም በክረምት በየቀኑ በአንድ ሰዓት ውሃ በጠርሙስ እየተቀዳ ጭቃው እስኪጠል ይቀመጥና መጠኑ ይጻፍ። ይህ ሥራ ትልቅ ትምህርት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አለመሰልቸት ነው። መዝገቡ ሹም በተለወጠ ጊዜ ለሚተካው በርክክብ ይሰጥ።

አራተኛ፤ መንገድ የሚያስቆርጥ ሹም የመንገዱ ውሃ የት እንደሚወርድ ሳይወስን ሥራ አያስጀምር። የመንገድ ጎርፍ በሰው እርሻ ላይ ተለቆ የሚወልደው ቦረቦር የብዙ ዓመት እርከን በአንድ ክረምት ያፈርሳል።

አምስተኛ፤ ባለመሬት የሆነ ሁሉ በወንዝ ዳርና እጅግ ቀጥ ባለ ገደል ላይ ያለውን መሬቱን ከማረሻ ይጠብቅ፤ ለሌላ ሰው አሳርሶ እንደሆነም ይህን በውሉ ውስጥ ያግባ። ከወንዙ ዳር የሚቀር ሰፋ ያለ የሣርና የቁጥቋጦ መስመር ጎርፉ የያዘውን አፈር አጣርቶ ያስቀርለታል።

በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ዓባይ ወደ ሱዳን ይዞ ይወርድ የነበረው ደለል በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር፤ አሁን የዚህ አፈር አብዛኛው የሚያርፈው በዚሁ ሐይቅ ውስጥ ነው። ሐይቁ እጅግ ሰፊ ነውና በደለል ለመሞላት ብዙ መቶ ዓመት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ የሚያሳዝነን በመጀመሪያ የሐይቁ ነገር አይደለም። ያ አፈር የጎጃም፥ የጎንደር፥ የወሎ፥ የሸዋና የወለጋ ገበሬ እርሻ ነው። ከሐይቁ ወለል መልሶ ሊያመጣው የሚችል ማንም የለም። በየወረዳው ያሉት ትንንሽ ግድቦች ደግሞ የብዙ መቶ ዓመት ጊዜ የላቸውም፤ ለእነርሱ የሚቆጠረው ክረምት ነው። ሐምሌ ከመግባቱ በፊት የተሠራ እያንዳንዱ እርከን ለገበሬው እርሻ፥ ለግድቡም ዕድሜ ነውና፥ ይህን የሚመለከት ሹም ሁሉ የሚመጣውን ክረምት ሳይጠብቅ በበጋው ሥራውን ይጀምር።